ዘይት ውስጥ የተቀቀለው ዛቢያ ለምን ቀጭ አለ?

ጥያቄ፦ «የመዶሻዬ ዛቢያ አየሩ ሲደርቅ ይላላል፣ እርጥበት ሲመጣ ያብጣል። እንጨትን በጋለ ዘይት መቀቀል ይህን ያስቀራል ሲባል ሰማሁ። አራት ዛቢያ ጠርቤ በተልባ ዘይት 220 ዲግሪ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል አቆየኋቸው። ቀለማቸው ቡናማ ሆኖ በጣም አማረ። በእጄ ላጎብጠው ስሞክር እንደ ድሮው ጠንካራ ነው። አንዱን መዶሻው ላይ ገጠምኩት፤ ሦስተኛው ምስማር ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስንጥር እንኳ የለውም፣ እንደ ካሮት ነው የተቆረጠው። ጥፋቱ የዘይቱ ነው? ሌላ ዘይት ልሞክር ወይስ ጊዜው አነሰ? የቀሩትን ሦስቱንስ ምን ላድርጋቸው?»

ምላሽ፦

ሰላም ጠያቂያችን። መጀመሪያ እንኳን የመዶሻው ራስ ተወርውሮ ፊትዎ ላይ አላረፈ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጥፋቱ የዘይቱ አይደለም። ጊዜውም አላነሰም፤ ለዛቢያ ከሆነ እንዲያውም በዝቷል። እንጨትዎን የለወጠው ሙቀቱ ነው። ዘይቱ በአብዛኛው ሙቀት አድራሽ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ እንጨቱ እንዳያብጥ ያደረገው ለውጥና እንጨቱን ያሰበረው ለውጥ አንድ መሆናቸው ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። የሚቻለው መጠኑን መቆጣጠር ብቻ ነው።

«እንደ ካሮት ነው የተቆረጠው» ያሉት ብቻውን ግማሹን ነገር ነግሮኛል። ጤነኛ እንጨት ሲሰበር ይተረተራል። ረጃጅም ስንጥር ያወጣል፣ ግማሹ ተሰብሮ ግማሹ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከመሰበሩ በፊትም ሲጥ ሲጥ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሙቀት የበዛበት እንጨት ግን ማስጠንቀቂያ የለውም። ቀጭ ይላል፤ የተሰበረበት ፊት በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። ስባሪውን ካልጣሉት ጫፉን በጥፍርዎ ፈተግ ያድርጉት። እንደ ብስኩት ከተፈረፈረ ነገሩ ግልጽ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት እንጨት ከምን እንደተሠራ ማየት ይጠቅማል። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን። ከደረቅ ክብደቱ ከ40 እስከ 50 በመቶው ሴሉሎስ ነው። የቀረውን በአብዛኛው ሁለቱ ይካፈሉታል፤ ድርሻቸው እንደ ዛፉ ዓይነት ይለያያል። የኮንክሪት ምሰሶ ያስቡ። ሴሉሎስ ፌሮው ነው። ሊግኒን ሲሚንቶው ነው። ሄሚሴሉሎስ ደግሞ ሁለቱን የሚያያይዘው ነው፤ ፌሮውን በየቦታው የሚያስረው ቀጭን ሽቦ እንበለው። ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ ለዛሬ ግን ይበቃናል።

ከሦስቱ ውሃ የሚወደው ሄሚሴሉሎስ ነው። ሞለኪዩሉ ላይ ውሃ የሚይዙ ብዙ መንጠቆዎች አሉት፤ ኬሚስቶች ሃይድሮክሲል ይሏቸዋል። አየሩ ሲረጥብ ውሃ እዚያ ይንጠለጠላል፣ የህዋሱ ግድግዳ ይወፍራል፣ እንጨቱ ያብጣል። አየሩ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ እንጨቱ ይኮማተራል። ሙቀት የማይችለውም ይኸው ሄሚሴሉሎስ ነው። ከ160 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ መፈራረሱ ይታያል። ሲፈርስ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ድስትዎ አጠገብ ሲቆሙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸቶዎት ከነበረ እሱ ነው። አሲዱም ዝም ብሎ አይወጣም። የቀረውን ሄሚሴሉሎስ መፍረስ ያፋጥነዋል።

እንግዲህ ይታይዎት። ውሃ የሚይዘው ነገር ስለጠፋ እንጨቱ አያብጥም። በሙቀት በደንብ የተመታ (ማለትም በከፍተኛ ሙቀት የተለወጠ) እንጨት ከአየር የሚወስደው እርጥበት ካልተመታው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። በቁጥር ላሳይዎት። ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ጣውላ እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢለዋወጥ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይለወጣል። ከተመታ በኋላ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ለመስኮት ክፈፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ማሰሪያው ሽቦም አብሮ ጠፍቷል። ፌሮውና ሲሚንቶው አሉ፤ የሚያያይዛቸው የለም። ዱላ ሲመጣ ክሮቹ እርስ በርስ እየተጎተቱ ጉልበቱን መዋጥ አቅቷቸዋል። ስንጥር ያላዩት ለዚህ ነው።

አሁን ያታለለዎትን ነገር ልንገርዎት። «በእጄ ላጎብጠው ስሞክር እንደ ድሮው ጠንካራ ነው» ብለዋል። እውነትዎን ነው! ግትርነቱ አልተነካም። በጀርመን አንድሪያስ ራፕና ሚካኤል ሳይለር በዘይት የሚመታ እንጨትን ሲፈትኑ ያገኙት ይህንኑ ነው። 220 ዲግሪ ላይ የተመታው እንጨት ግትርነቱ እምብዛም አልቀነሰም። እየተጫኑት እስኪሰበር የሚችለው ጭነት ግን ወደ 30 በመቶ ገደማ ወርዷል። ድንገተኛ ምት የመቋቋም አቅሙ ደግሞ ወደ ግማሽ ገደማ ተቆርጧል። በእጅ ማጎበጥ የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መዶሻ የሚጠይቀው የመጨረሻውን ነው። ስለዚህ በእጅ ፈትሾ «ደህና ነው» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ያለዎት መፈተሻ ከዚያው እንጨት የተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ ወስዶ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስይዞ በመዶሻ መምታትና አሰባበሩን ማየት ነው። በሙቀት ያልተመታ ቁራጭም አጠገቡ ሰብረው ያወዳድሩ። መነጽር ማድረጉን አይርሱ።

ዘይቱ ሙቀት አድራሽ ነው ስል ማስረጃው የቆየ ነው። አሜሪካ ማዲሰን ባለው የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ አልፍሬድ ስታም ከባልደረቦቹ ከበርና ከክላይን ጋር እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ ሥራ አሳተመ። እንጨቱን ያሞቁት በዘይት አልነበረም። በቀለጠ ብረታ ብረት ውስጥ ደፍቀው ነው። ብረቱ የተፈለገው ሙቀት እንዲያደርስና አየር እንዲከለክል ነበር። እንጨቱ ማበጡን ቀነሰ። ጥንካሬውም ቀነሰ። «ስቴብውድ» ብለው የሰየሙት ይህ እንጨት ገበያ ሳይዝ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሰባበሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፊንላንዶች በእንፋሎት ሠሩት፤ ቴርሞዉድ ይባላል። ሁለት ደረጃ አለው፤ አንዱ በ190 ሌላው በ212 ዲግሪ የሚመታ። ፈረንሳዮች በናይትሮጅን ጋዝ ውስጥ አደረጉት። ጀርመኖች ዘይቱን መረጡ። ብረት፣ እንፋሎት፣ ጋዝ፣ ዘይት። አራቱም ጋ እንጨቱ ላይ የደረሰው ነገር በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው።

ታዲያ ዘይት ለምን ተመረጠ? ሙቀት ከአየር ይልቅ በፈሳሽ ቶሎና እኩል ይደርሳል። ዘይቱ ኦክስጅንንም ይከለክላል፤ ኦክስጅን ካለ እንጨቱ ይበልጥ ይጎዳል፣ ከዚያም አልፎ ይቃጠላል። ጥቂት ዘይት ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ቀርቶ ፈሳሽ ውሃ ቶሎ እንዳይገባ ያግዛል። ያግዛል ነው ያልኩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

«ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ውሃ ይከለክላል» ይባላል። የዘይት ሞለኪዩል ከውሃ ሞለኪዩል በክብደት 50 እጥፍ ገደማ ነው። የህዋሱ ግድግዳ ውስጥ አይገባም። የሚገባው ግድግዳው የከበበው ባዶ ቱቦ ውስጥ ነው። እንጨት የሚያብጠው ግን ግድግዳው ውሃ ሲጠጣ ነው። ዘይት ቱቦውን ቢሞላ ውሃው መንገዱ ይረዝምበታል፤ ይዘገያል። ጊዜ ከተሰጠው ግን መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ 80 ዲግሪ ላይ በዘይት የተነከረ እንጨት ውሃ ሲረጩበት ያንከባልለዋል፣ ወራት ሲቆይ ግን እንደማንኛውም እንጨት ያብጣል።

ዘይቱ መቼ እንደሚገባም ብዙ ሰው አያውቅም። ድስቱ ሲንተከተክ ይመስላል። አይደለም። በሚሞቅበት ጊዜ እንጨቱ ውስጥ ያለው አየርና እንፋሎት ወደ ውጭ እየገፋ ነው፤ አረፋው እሱ ነው። ዘይት ሊገባ አይችልም። የሚገባው ሲቀዘቅዝ ነው። ውስጡ የቀረው አየር ይኮማተራል፣ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይመለሳል፣ እንጨቱ ዘይቱን እንደ ሲሪንጅ ይስባል።

አንድ ጊዜ ይህን ለተማሪዎቼ ለማሳየት ከአንድ ጣውላ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ አብሬ መታሁ። አንዱን ትኩሱን አወጣሁት። ሁለተኛውን ዘይቱ ውስጥ እንዳለ አሳደርኩት። በማግስቱ ሁለቱንም መሃላቸው ላይ በመጋዝ ቆርጬ የተቆረጠውን ፊት ነጭ ወረቀት ላይ ተጫንኩት። ትኩሱን የወጣው ወረቀቱን እምብዛም አላረጠበውም። ያደረው ግን ዘይቱን ወረቀቱ ላይ አተመው። ጫፍ ጫፉ ጋ ጥልቅ፣ በጎን በኩል ግን የጥፍር ውፍረት እንኳ የማይሞላ ጠርዝ። እንጨት በርዝመቱ ቱቦ ነው፤ በጎኑ ግድግዳ ነው። የቀለም ለውጡስ? ሁለቱም ጋ እስከ መሃል ድረስ እኩል ቡናማ ነበር። ዘይት ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ተለውጧል። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስለዚህ ትኩሱን ካወጡት ቀለል ያለ፣ ላዩ ቶሎ የሚደርቅ እንጨት ያገኛሉ። ካሳደሩት ከባድና ለቀናት ዘይት የሚያልበው ይሆናል። ኮላ ለመለጠፍ ካሰቡ የመጀመሪያው ይሻላል። ዘይት የጠጣ ፊት ላይ ኮላ አይይዝም ማለት ይቻላል።

ወደ ሙቀትና ጊዜ እንመለስ። ሙቀት እንጨት ውስጥ በዝግታ ነው የሚሄደው። ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ደረቅ እንጨት መሃሉ ወደ ዘይቱ ሙቀት ለመጠጋት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 50 ሚሊ ሜትር ከሆነስ? ግማሽ ሰዓት አይደለም። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው መሃሉ ከደረሰ በኋላ ነው። ፋብሪካዎች መሃሉ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ያቆዩታል። የእርስዎ ዛቢያ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ደርሷል፤ ከሦስቱ ሰዓት አብዛኛውን በሙሉ ሙቀት አሳልፏል።

ከጊዜው ይልቅ ግን ዲግሪው ነው ጨካኙ። በግርድፉ ከ200 ወደ 220 ሲወጡ የመፍረሱ ፍጥነት ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። 220 ላይ አንድ ሰዓት ማለት 200 ላይ ሦስት አራት ሰዓት ማለት ነው። ከ150 በታች ደግሞ ቢያውሉት ቢያሳድሩት የሚያገኙት በአብዛኛው በደንብ የደረቀ እንጨት ነው። ከ180 እስከ 200 ያለው ክልል ጥንካሬንና አለማበጥን የሚያስታርቅ ነው። 220 የመበስበስ ፈንገስን ለመከላከል ጥሩ ነው፤ ጥንካሬ ለሚፈልግ ግን አይሆንም። ከዚያ በላይ መውጣት ከሰል ማክሰል ነው፤ ለምን እንደሚያደርጉት አይገባኝም።

በዘይት ስንመታ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በእንፋሎት የሚሠሩ ሰዎች ምን ያህል እንደፈረሰ የሚያውቁት በሚዛን ነው፤ ምን ያህል ክብደት ጠፋ ብለው። እኛ ዘይት ስለሚገባ ሚዛኑ ይዋሻል። 1,000 ግራም የነበረ ደረቅ እንጨት 80 ግራም ፈርሶበት 80 ግራም ዘይት ቢጠጣ ሚዛኑ አሁንም 1,000 ይላል። ምንም ያልሆነ ይመስላል። ለዚህ ነው ቴርሞሜትርና ሰዓት ላይ ሙጭጭ የምለው። ቀለምም ይረዳል፤ ግን ላዩን አይተው አይፍረዱ። መሃሉን ቆርጠው ይዩ።

«ሌላ ዘይት ልሞክር?» ላሉት፣ ለስብራቱ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ለሌላ ነገር ግን የዘይቱ ዓይነት ይለያል። ዘይቶች አየር ላይ የመድረቅ ጸባያቸውን የምንለካው በአዮዲን ቁጥር ነው። የተልባ ከ170 በላይ ነው፤ ይደርቃል፣ ቆዳ ያወጣል። የሱፍ አበባ ከ120 እስከ 140 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ በዝግታ ይደርቃል። የፓልም 50 ገደማ ነው፤ ዓመት ቢያስቀምጡት አይደርቅም። ታዲያ ተልባ ይሻላል ማለት ነው? እንጨቱ ላይ ለሚቀረው ዘይት አዎ። ለድስቱ ግን አይደለም። እንዲደርቅ የሚያደርገው ጸባይ በሙቀት ቶሎ እንዲወፍርም ያደርገዋል። ጥቂት ጊዜ ከሠሩበት በኋላ ማር ይመስላል፣ ከእንጨቱ ላይ የማይለቅ ሙጫ ይሆናል። የጎመን ዘር ዘይት መሃል ላይ ያለ ስለሆነ ለሙቀት ማድረሻነት እኔ እሱን እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ላዩን ብቻ በተልባ መቀባት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። «የተቀቀለ የተልባ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ለዚህ ሥራ አይደለም። ስሙ ያታልላል። አብዛኛው ቶሎ እንዲደርቅ የኮባልት ወይም የማንጋኒዝ ውሁዶች የተጨመሩበት ነው፤ አንዳንዱ ላይ ተቀጣጣይ ማቅጠኛም አለ። እሱን ማሞቅ እሳትን በእጅ መጥራት ነው።

እሳት ካነሳን አይቀር፣ ጥያቄዎን ሳነብ በጣም ያስደነገጠኝ ስብራቱ አልነበረም። 220 የሚለው ቁጥር ነው። የተልባ ዘይት ትነቱ በእሳት ብልጭታ የሚቀጣጠልበት ሙቀት በደህንነት ካርዶች ላይ 222 ዲግሪ ተብሎ ይገኛል። እርስዎ 220 ላይ ነበሩ። ሁለት ዲግሪ! የብዙ ቴርሞሜትር ስህተት ከዚያ ይበልጣል። የተጣራ ዘይት ከዚህ ከፍ ያለ ሊችል ይችላል፤ ግን ደጋግሞ የተሞቀ ዘይት ይህ ገደቡ እየወረደ ይሄዳል። ዛሬ የቻለው በአሥረኛው ቀን ላይችል ይችላል። ከታች ነበልባል ካለ ደግሞ ትነቱ ራሱ ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል።

ሁለተኛው አደጋ ውሃ ነው፤ ከእሳቱ የሚበልጠውም እሱ ይመስለኛል። አየር ላይ የደረቀ የምንለው እንጨት 12 በመቶ ያህል ውሃ አለው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 120 ግራም ውሃ ይይዛል ማለት ነው። ይህ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 200 ሊትር ገደማ ይሆናል። ድስትዎ ውስጥ 200 ሊትር ሊወጣ እየታገለ ነው። በአንድ ጊዜ ከወጣ ዘይቱን ይዞት ይወጣል። እኔ ራሴ ገና ጀማሪ ሳለሁ በደንብ ያልደረቀ ቁራጭ 150 ዲግሪ ዘይት ውስጥ ከተትኩ። ለጥቂት ሰከንድ ዝም አለ። ከዚያ አረፋው እንደ ወተት ገንፍሎ ወጣና መሬቱን አለበሰው። ማሞቂያው የኤሌክትሪክ ስለነበረና ነበልባል ስላልነበረው ነው የተረፍኩት። ጫማዬ ግን አልተረፈም።

ስለዚህ እንጨቱ መጀመሪያ 103 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይድረቅ። እየመዘኑ ያድርቁት፤ ሁለት ተከታታይ ሚዛን እኩል ሲሆን ደርቋል። ከዚያ ዘይቱ 100 ዲግሪ ገደማ ሳለ ይክተቱትና አብሮ ቀስ እያለ ይሙቅ። ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላ። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ አክሮሊን የሚባል ነገር አለበት። የሚገጥም የብረት ክዳን አጠገብዎ ይኑር። ቢቀጣጠል ክዳኑን ደፍተው ማሞቂያውን ያጥፉ እንጂ ውሃ አይድፉበት። ትቶ መሄድ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

ሥራው አልቆ የጠረጉበት ጨርቅስ? የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይሰጣል። የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ጨርቁ ማንም ሳይነካው ይቀጣጠላል። ተረት እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የሚባለው 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ 22ኛው ፎቅ ላይ ተጥሎ ስለቀረ ነው። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። እሳቱን የገታው 30ኛው ፎቅ ላይ የነበረው ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ነበር። ጨርቁን ዘርግተው ደጅ ያድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ነክረው ይክደኑት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ችግርዎ። ዛቢያ የሚላላው ለምንድን ነው? እንጨቱ እርጥበት ሲያገኝ ማበጥ ይፈልጋል። ብረቱ ግን አይለጠጥም። ስለዚህ እንጨቱ ራሱን ይጨፈልቃል። ሲደርቅ ደግሞ ከድሮው ያነሰ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ይደገማል። የላላ መዶሻ ውሃ ውስጥ መንከር ለአንድ ቀን የሚሠራው፣ ከዚያ በኋላ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ያንን ልማድ ይተዉት።

ለዛቢያ ሙቀት አይደለም መድኃኒቱ። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ ጉብ የሌለው እንጨት ይምረጡ። ከመግጠምዎ በፊት ከሚሠሩበት ቦታ ይበልጥ ደረቅ ይሁን፤ ሞቅ ያለ ደረቅ ቦታ ለጥቂት ሳምንት ያስቀምጡት። ያኔ ከተገጠመ በኋላ የሚያደርገው ማበጥ ብቻ ነው፤ መላላት አይኖርም። ሽብልቁን በደንብ ያስገቡ። ከዚያ በብረቱ አናት በኩል የሚታየውን የእንጨት ጫፍ ጥሬ የተልባ ዘይት ያጠጡት። ዘይቱን በሞቀ ውሃ ላይ አስቀምጠው ለብ ማድረግ ይበቃል። ደግመው ደጋግመው፣ መጠጣቱን እስኪያቆም። በቱቦዎቹ አፍ በኩል ነው ውሃ የሚመላለሰው፤ እሱን ከደፈኑ ነገሩ በጣም ይዘገያል። ሌላውን አካሉን ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል።

የቀሩት ሦስቱ ዛቢያዎችስ? ምት የሚቀበል ነገር ላይ አይግቡ። መዶሻ አይሁኑ፣ መጥረቢያ አይሁኑ፣ የሚመታ መሮም አይሁኑ። ግን እንጨቱ አልተበላሸም፤ ሥራው ነው የተሳሳተው። ለሞረድ እጀታ ይሆናሉ። ለመሳቢያ መያዣ፣ ለቢላ እጀታ ልባስ ያምራሉ። ብሎን የሚያስገቡ ከሆነ መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ይብሱት፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁት አቧራው ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ደጅ የሚውል ነገር ከሠሩበት ቡናማው ቀለም በፀሐይ ወደ ግራጫ መሄዱ አይቀርም። ምስጥ ባለበት ቦታ መሬት ውስጥ አይትከሉት፤ ሙቀት ፈንገስን ያርቃል እንጂ ምስጥን አይከለክልም።

ድስቱ ውስጥ የቀረው ዘይት ካልወፈረ በጨርቅ አጥልለው ያስቀምጡት። ላዩ ላይ 180 ብለው ይጻፉበት። ከዚያ በላይ እንዳይሞክሩት።